ስለ ሴቶች መምህራን ወንበር፤ በመካነ ሰላም ለጉባኤ የቀረበ ዲስኩር



ከዚህ ከመካነ ሰላም ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝን መንገደኛ ምድሩ ደረጃ በደረጃ እየዘቀዘቀ ወደ ዓባይ በረሃ ያወርደዋል፤ በረሃውን ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ የሚቀበለውም የጎጃም ደጋ ነው። በዚህ መንገድ ጨውና ጥጥ ብቻ ሳይሆን ትምህርትም ሲመላለስበት ኖሯል፤ የቦረናና የሳይንት ልጅ ንባቡን ከዚህ አጽንቶ ቅኔ ፍለጋ ወደዚያ ሲሻገር፣ ከዚያም ወገን የመጣ ተማሪ በእኛ ጉባኤ ቤት ደጅ ሲያድር የኖረበት ነው። በማዶ በምትገኘው በመርጡለ ማርያም እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ምዕት ዓመት መባቻ ያሠሯት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ፣ በጥርብ ድንጋዩ ላይ ከተቀረጸው ሐረግ ጋር ዛሬም ይታያል፤ እኒሁ እቴጌ ግንብ ከማሠራት አልፈው በግዕዝ ድርሳን እንደ ደረሱም ይነገርላቸዋል። እሌኒን ማንሣቴ ንግግሬን ለማስጌጥ አይደለም፤ ዛሬ የተሰበሰብንበት ጉዳይ፣ ማለት በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሳይንስና የምሕንድስና ክፍሎች የሴቶች መምህራን ማነስ፣ «ሴት ልጅ ለረቂቅ ነገር አእምሮ አላት ወይስ የላትም» ከሚለው ክርክር እንዳይጀመር ብዬ ነው እንጂ። ያ ክርክር ከ500 ዓመት በፊት እዚያ ማዶ በድንጋይ ላይ ተቋጭቷልና ጊዜያችንን አናባክንበት።

ወሎም ቢሆን ሴትን ከበላይነት በማራቅ የሚከሰስ አገር አይደለም። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት ወሎን በየወገናቸው ሲያስተዳድሩ ነበር፤ ወጣቱ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምባ ባመለጠ ጊዜ በአገሯ አሳልፋ የሰደደችውም ወርቂት ናት፤ ስለዚህም ነገር በቴዎድሮስ እጅ በመያዣነት የነበረ ልጇ ሕይወቱን አጥቷል። ቱሉ አውሊያና እዚህ መካነ ሰላም ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲያችን ስሙን የወሰደው ከዚያው አምባ ነው። ታዲያ ገዥነትን ያልነፈግናትን ሴት የመምህርነትን ወንበር ስለ ምን ልንሰጣት አልቻልንም? መልሱ፣ በእኔ ግምት፣ ግዛት በትውልድ የሚወረስ ሲሆን ወንበር ግን በእግር ተሂዶ፣ በሰው ደጅ ታድሮ የሚገኝ በመሆኑ ነው።

የቆሎ ተማሪን ኑሮ ከዚህ ጉባኤ መካከል የቀመሱት አበው ያውቁታል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚለምን፣ ውሻ የሚከላከል፣ ማታ በመምህሩ ግቢ በቀለሳት ጎጆ ከጓደኞቹ ጋር ተጨናንቆ የሚያድር፣ የአንዱን መምህር ጉባኤ ሲጨርስ አገር አቋርጦ ወደ ሌላው የሚሻገር ልጅ ነው። በመስጊዱም ወገን ደረሳው ከሼህ ወደ ሼህ ሲዞር የሚያሳልፈው ኑሮ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይህን መንገድ ሴት ልጅ ልትሄድበት አልቻለችም፤ ያገዳትም የፊደሉ ክብደት ሳይሆን የማደሪያው ነገር ነው። ለዚህ ምስክር ትሆነን ዘንድ በማዶ በጎጃም ስመ ጥር የነበሩትን የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን እናስብ። ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ቅኔውን የተማሩት ከአባታቸው ነው፤ በኋላም ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት ሲያስቀኙ ኖረዋል። ጉባኤ ቤቱ ከቤታቸው ባይሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ ምሥጢር ያደረበት አእምሮ ከምድጃው ዳር ሳይታወቅ በቀረ ነበር። ስንቱ ቀርቷል ብሎ መቁጠር አይቻልም፤ የቀረ ነገር መዝገብ የለውምና።

ዘመናዊው ትምህርት በመጣ ጊዜ ይህ ማደሪያ የማጣት ነገር ይቀራል ተብሎ ታስቦ ነበር። የአምባሰል ተወላጅ የሆኑት እቴጌ መነን በ1924 ዓ.ም. ገደማ በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ አቋቋሙ፤ ደሴም በእናታቸው በወይዘሮ ስኂን ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት አላት። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተከፈተ፤ የምሕንድስና ኮሌጁም ጥቂት ቆይቶ ተከተለ። በሩ፣ እውነት ለመናገር፣ ለሴት ልጅ ተዘግቶ አያውቅም። ነገር ግን በአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር ተብለው የሚታወቁት፣ በጀርመን አገር በሃይድልበርግ ተምረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት ያስተማሩት ፕሮፌሰር የዓለም ፀሐይ መኮንን ለዚህ ማዕርግ የበቁት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ኮሌጁ ከተከፈተ ወደ 60 ዓመት ተጠግቶት ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንግሥት ከመቶ ተማሪ 70ው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ወስኖ የምሕንድስና ክፍሎችን በየአውራጃው ሲያበዛ፣ ሴቶች ተማሪዎችም በብዛት ገቡ፤ የመምህራኑን ስም ዝርዝር ስንመለከት ግን፣ በአገሪቱ ካሉት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከአምስቱ አንዷ ሴት ናት ለማለት እንኳ ቁጥሩ አያደፋፍርም፤ ወደ ፊዚክሱና ወደ ምሕንድስናው ክፍል ሲገቡ ደግሞ ከዚያም ይሳሳል።

«ጊዜ ይፈታዋል፤ ዛሬ ተማሪ የሆኑት ነገ መምህራን ይሆናሉ» የሚሉ ብልሆች አሉ። እኔም ይህን አሳብ ብወደው ደስ ይለኝ ነበር፤ ምንም ሥራ አይጠይቅምና። ነገር ግን ከእኛ ቀድመው በጊዜ ተማምነው የተቀመጡ ሰዎች የደረሰባቸውን ማየት ይበጃል።

በአሜሪካ አገር ኤም አይ ቲ በሚባለው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ናንሲ ሆፕኪንስ የሚባሉ የሥነ ሕይወት ሊቅ ነበሩ። ምርምራቸው እንደ ሜዳ አህያ በተሸነተረች ትንሽ ዓሣ ላይ ነበርና ለዓሣ ገንዳዎቻቸው ጥቂት ተጨማሪ ስፍራ ቢጠይቁ ተከለከሉ። ያላቸው ስፍራ ከሌላው ያንሳል ብለው ቢያመለክቱም የሚያምናቸው ጠፋ። ከዚህ በኋላ ሴትዮዋ ያደረጉት ነገር ሰው ሁሉ ሊማርበት የሚገባ ነው፤ ሠራተኛው ከሄደ በኋላ በማታ ሜትር ይዘው የየመምህሩን ቤተ ሙከራ ወለል እየዞሩ ለኩት። ሲደምሩት በማዕርግ እኩዮቻቸው ከሆኑት ወንዶች ስፍራ የእርሳቸው ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ትናንት ከተቀጠሩት ወጣቶች ወንዶች ስፍራም አነሰ። በዚያን ጊዜ በተቋሙ የሳይንስ ክፍሎች ቋሚ ወንበር የነበራቸው ሴቶች 15 ሲሆኑ፣ ወንዶቹ ወደ 200 ይጠጉ ነበር። ሴቶቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ እያንዳንዷ የግሏ ዕድለ ቢስነት የመሰላት ነገር የሁሉም ሆኖ ተገኘ፤ ኮሚቴ ቆመ፤ ደመወዙ፣ ስፍራው፣ የምርምር ገንዘቡ፣ በሥልጣን ጉባኤ የሚሰየመው ሰው ሁሉ ተቆጠረ፤ ውጤቱም በ1999 እንደ ፈረንጆች በአደባባይ ታተመ። የተቋሙ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቬስት በመቅድሙ ላይ፣ ይህ አድልዎ ከፊሉ እውነት ከፊሉ ስሜት ነው ብለው ያስቡ እንደ ነበርና አሁን ግን እውነቱ እጅግ እንደሚያመዝን እንደ ተረዱ ጻፉ። ባለ ሥልጣን እንዲህ ያለ ቃል በጽሑፍ ሲያኖር በእኛም በእነርሱም አገር ብርቅ ነው።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ከሜትሩ ይልቅ እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር አለ። ወጣቶቹ መምህራት «አድልዎ የእናቶቻችን ዘመን ጣጣ ነው፤ እኛን አይነካንም» ይሉ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም በወጣትነታቸው እንዲሁ ብለው ነበር። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ግን እየተገለሉ፣ ምክር ከሚቆረጥበት ስፍራ እየራቁ ሄዱ። እንግዲህ ጊዜ ብቻውን ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ትውልድ በተራው ያንኑ ተስፋ እንዲያደርግና ያንኑ እንዲያጣ ማድረግ ነው።

በሴቶች እኩልነት ዓለም የሚያመሰግናት ስዊድን እንኳ ከዚህ አላመለጠችም። ክሪስቲን ቬኔሮስና አግነስ ቮልድ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ጉባኤ ለአመልካቾች የሰጠውን ነጥብ በሕግ አስገድደው አስወጥተው መረመሩት፤ በ1997 እንደ ፈረንጆች ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፣ ሴት አመልካች ከወንዱ ጋር እኩል ነጥብ ለማግኘት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል የምርምር ሥራ ማቅረብ ነበረባት። እዚያው ላይ የተገለጠ ሌላ ነገር ደግሞ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ከዳኞቹ ጋር ትውውቅ ያለው አመልካች እንደዚሁ ነጥብ ይጨመርለት ነበር። ወንድነትና ዘመድ በስዊድንም በአንድ ሚዛን ይመዘኑ ነበር ማለት ነው። በ2012 እንደ ፈረንጆች ደግሞ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዱን የሥራ ማመልከቻ ከግማሹ ላይ ጆን፣ ከግማሹ ላይ ጄኒፈር የሚል ስም ብቻ ለውጠው ለሳይንስ መምህራን ሰደዱት፤ ለጆን በዓመት 30 ሺህ ዶላር ገደማ ሲታሰብለት፣ ለጄኒፈር 26 ሺህ ተኩል ያህል ታሰበላት። እንዲህ ከፈረዱት መካከል ሴቶችም ነበሩ፤ ስለዚህ ነገሩን የወንዶች ክፋት ብቻ አድርጎ ማውራት ለወንዶችም ለሴቶችም አይጠቅምም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በእኛ ግቢዎች አንዲት መምህርት ስትቀጠር ከጀርባዋ የሚሰማ ቃል አለ፤ «በአፈርማቲቭ የመጣች ናት» ይባላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከታሪክ የወረሱትን የበታችነት ለማካካስ ልዩ ድጋፍ እንዲደረግላቸው ሲደነግግ፣ ድጋፉ የውርደት ምልክት ይሆናል ብሎ አላሰበም። ቃሉን የሚናገሩትን እኅቶቼና ወንድሞቼን አንድ ነገር ልጠይቃቸው፤ በአጎቱ ስልክ የተቀጠረውን፣ በአገር ልጅነት የተዛወረውን፣ ከኃላፊው ጋር አብሮ በመማሩ ዕድገት ያገኘውን በምን ስም ትጠሩታላችሁ? ለዚያኛው ድጋፍ ስም ያልወጣለት ሰው ሁሉ ስለ ለመደው ነው።

አሁን አንዲት መምህርት ወደዚህ ከተማ ስትመጣ እንከተላት። ኬሚስትሪ ታስተምር እንበል። በመስከረም ከደሴ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ አቀስታን አልፋ፣ ጉሙ ገና ከመሬት ሳይነሣ መካነ ሰላም ትደርሳለች። የመጀመሪያ ሥራዋ ቤት መፈለግ ነው፤ አከራዩ «ብቻሽን ነሽ? ባል የለሽም? ማን ማን ይጠይቅሻል?» ይላታል፤ ለላጤ ሴት የማያከራይም ብዙ ነው። አብረዋት የተቀጠሩት ወንዶች ሦስት ሆነው በደባልነት አንድ ቤት ይይዛሉ፤ እርሷ ግን ደባል የምትሆናት ሴት መምህርት ስለሌለች ሙሉ ኪራዩን ከአንድ ደመወዝ ትከፍላለች። መብራት ቀን ጠፍቶ ማታ ሦስት ሰዓት ይመጣል፤ ምድጃውና ሚዛኑ የሚሠሩት ያን ጊዜ ነው፤ ወንዱ ባልደረባዋ ጋቢውን ደርቦ ወደ ቤተ ሙከራው ይመለሳል። እርሷስ? የቤተ ሙከራው ቁልፍ ከቴክኒሻኑ ዘንድ ነው፤ ቴክኒሻኑ ከከተማው ማዶ ይኖራል፤ ከግቢው እስከ ቤቷ ያለው ኮረኮንች ጨለማ ነው፤ ጅቡንም ሰካራሙንም አስባ ትቀራለች። በዓመቱ መጨረሻ እርሱ የታተመ ጽሑፍ አለው፤ እርሷ የላትም፤ ኮሚቴውም በፍጹም ቅንነት «ሰነፈች» ይላል።

የምርምር ገንዘብ ማስታወቂያ በሰሌዳ ከመለጠፉ በፊት ወሬው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በድራፍት ጠረጴዛ ዙሪያ አልፏል፤ ቡድኑም እዚያው ተዋቅሯል። ማንም ሆን ብሎ አልደበቃትም፤ ግን አልነበረችም። በሌላ በኩል ደግሞ በክፍሉ ያለችው ሴት አንዲት ናትና የሴት ተወካይ በሚያሻበት ኮሚቴ ሁሉ ትሰየማለች፤ እዚያም ብዙ ጊዜ ቃለ ጉባኤ ያዥ ትሆናለች፤ የሥርዓተ ፆታ ቢሮውም፣ የተማሪዎች ምክሩም፣ የየካቲት 29 የሴቶች ቀን በዓል ዝግጅቱም በእርሷ ትከሻ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ለማዕርግ ዕድገት በሚቆጠረው ነጥብ ውስጥ ቦታው ጠባብ ነው።

በበዓሉ ቀን የሚደረገውን ንግግር ካነሣሁት አንድ ነገር ልናገር። «እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ ኬሚስቶች ናቸው፣ እንሥራ ሲሠሩ መሐንዲሶች ናቸው» እያሉ ማመስገን ዛሬ ፋሽን ሆኗል። ጌሾውና ብቅሉ የሚሠራውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ምስጋናው ሐሰት አይደለም ይላል፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን ይህ ምስጋና ለማንም ወንበር አላስገኘም፤ ይልቁንም የጠላ ጋኑን ለእናቲቱ፣ የኬሚስትሪውን ወንበር ለልጇ ለወንዱ ከፍሎ ሁለቱንም እኩል ያከበረ ይመስለዋል።

ልጅ ሲወለድ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሰጥቷል፤ መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዟል። ሕጉ መልካም ነው። በየግቢው ስንት ማቆያ ሕፃን ይዞ ይገኛል፣ ስንቱስ ዕቃ ቤት ሆኗል የሚለውን ለየኃላፊዎቹ ኅሊና እተወዋለሁ። የሦስተኛ ዲግሪ ዕድል የሚመጣበት ዕድሜና ልጅ የሚወለድበት ዕድሜ ግን አንድ ነው፤ ዕድሉም ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕር ማዶ ያስኬዳል፤ የቆሎ ተማሪው መንገድ፣ ስሙን ለውጦ፣ እዚህም ይጠብቃታል።

መንገዱን የተሻገሩት ምን እንደሚሆኑ አይተናል። ከፍኖተ ሰላም የወጡት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ከዓለማያ ተነሥተው በአሜሪካ ተማሩ፣ በኮሎምቢያ በሰብል በሽታዎች ላይ ለብዙ ዘመን ተመራመሩ፤ ከዚያም ወደ አፍሪካ ተመልሰው በናይሮቢ የነፍሳት ሳይንስ ማዕከል የሆነውን ኢሲፔን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ መሩ፤ በ2014ም በሳይንስ ለሴቶች የሚሰጠውን የሎሬያልና የዩኔስኮ ሽልማት ተቀበሉ። ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌም በአሜሪካ አዲስ ዓይነት የነዳጅ ሕዋስ በመሥራት የታወቁ የቁሳቁስ ሳይንስ ሊቅ ናቸው፤ አባታቸው የግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሲሆኑ፣ በደርግ ዘመን በጥይት ቆስለው ቤተ ሰቡ ከአገር ከወጣ በኋላ ልጅቱ በዚያ አደጉ። እንደ ገላነሽ ሁሉ ጉባኤ ቤቱ ከቤታቸው ነበር። ሁለቱም ወንበር አገኙ፤ ወንበሩ ግን የተገኘው ናይሮቢና ቺካጎ አጠገብ ነው። እኛ የምንኮራባቸው በጋዜጣ ነው።

«ጦርነትና ረሃብ ባለበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚል ድምፅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ የሚናቅም ድምፅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ባጥለቀለቀ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች ቤተ ሙከራ ተዘርፎ፣ ዕቃው ተሰባብሮ ቀርቷል፤ ዛሬም መንገዱ ሁልጊዜ አይታመንም። እኔ ግን ከዚሁ የተነሣ ተቃራኒውን እላለሁ፤ ክፍልና ዕቃ እንደ አዲስ በሚታደልበት ዘመን ማን ምን እንደ ደረሰው መለካት ይቀላል፤ ሁሉ ሰው ስፍራውን ይዞ ከሰፈረ በኋላ ግን ሜትር ይዞ የሚዞር ሰው ጠላት ይባላል።

ስለዚህ ከፍ ያለ ነገር አልጠይቅም። መጪው ዓመት ከመከፈቱ በፊት የቤተ ሙከራው ወለል በማን ስም ስንት ሜትር እንደ ሆነ፣ የማታ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ፣ ባለፉት ዓመታት የትምህርት ፈቃድ ለማን እንደ ተሰጠና ማን ጠይቆ እንደ ተከለከለ፣ በኮሚቴ ማን ስንት ሰዓት እንዳጠፋ ተጽፎ ለሴኔቱ ይቅረብ። የቀለም ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። ግቢው ለመምህራን ቤት ሲሠራ ከሁሉ በፊት ለሴቶቹ ይደልድል፤ ሲቀጥርም፣ ቢቻል፣ በአንድ ክፍል አንዲት ሴት ብቻዋን ከሚጥል ሁለት አድርጎ ይቅጠር፤ ሁለት ሲሆኑ ቤት ይጋራሉ፣ በማታ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዷ ስትወልድም ሌላዋ ክፍሏን ትሸፍንላታለች። የከተማው ሽማግሌዎችም ለላጤ መምህርት ቤት ማከራየት ነውር እንዳልሆነ በየዕድሩና በየቅሬው ብትናገሩልን፣ ከሚኒስቴር የሚመጣ ሰርኩላር የማይሠራውን ትሠራላችሁ።

ንግግሬን ጨርሼ ወደ ጥያቄው ከመሻገራችን በፊት አንድ የቀረ ነገር አለ። በ2018 እንደ ፈረንጆች የታተመ፣ በ10 አገሮች 250 ያህል የዩኒቨርሲቲ ጉባኤዎችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ ከንግግር በኋላ የመጀመሪያውን ጥያቄ ወንድ ከጠየቀ ከዚያ በኋላ የሚጠይቁት ሴቶች ያንሳሉ። የጉባኤው ሰብሳቢ ከፊት ረድፍ የተነሡትን እጆች አይተዋል፤ እኔም አይቻለሁ፤ ከኋላ በግራ በኩል ከሴቶቹ መካከል እየተነሣ የሚወርድ አንድ እጅ ግን አለና፣ መነጋገሪያው አስቀድሞ ወደዚያ ቢሄድልኝ እወዳለሁ።